ብረት የሚያጋድም ጂኒ

በሰባት ዓመቴ ግቢያችን ውስጥ ጂኒ እንዳለ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ትልልቆቹ በአፈሩ፣ በሲሚንቶው፣ በሠራተኛው ሲያመካኙ እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቢጫ ሻርፕ ተከናንቦ፣ አዲስ የተተከለውን የብረት ቋሚ በሁለት እጁ አቅፎ እንደ ላላ ጥርስ ይነቀንቀው ነበር።

ነገሩ የጀመረው ግን በጂኒ ሳይሆን በምስጥ ነው።

አባቴ ሙሄ ከከሚሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ኮምቦልቻ ከአንድ ደንበኛው ግቢ የወይን ቁራጭ ለምኖ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከጎኑ አስቀምጦ አመጣ። በዚያ ወንበር ሊቀመጥ የፈለገውን ተሳፋሪ "ሰው አለው" ብሎ መልሶታል ይባላል። ወይኑ የከሚሴን ሙቀት ወደደው። መጀመሪያ የዘይቱኑ ዛፍ ላይ ወጣ፤ ከዘይቱኑ ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ፣ ከገመዱ ወደ ሽንት ቤቱ ጣሪያ ተሻገረ። አባቴ በእንጨት ዳስ ሠራለት። አንድ ጁምዓ ቀን ከመስጊድ መጥቶ፣ ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ ዳሱ ሥር ሸለብ ሲያደርገው፣ ምስጥ ውስጥ ውስጡን የጨረሰው ቋሚ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ዳሱም ተከትሎ አባቴ ላይ ተቀመጠ። ሮጠን ስንደርስ የሚሰማው ሬዲዮው ብቻ ነበር፤ ከቅጠሉ ሥር ሆኖ የስፖርት ዜና ያነባል።

"መሪየም!" አለ አባቴ ከዚያው ከሥር፣ እናቴን እየተጣራ። "ከእንግዲህ ብረት ነው! ብረት ይብላ እስቲ፣ አያለሁ!"

ለእኔ ይህ ታላቅ ዜና ነበር። መሬት ላይ የተንዘረፈጠውን ወይን የጎረቤት ፍየሎች ጨርሰውት ስለነበር አባቴ የብረቱ ዳስ ሲያልቅ የመጀመሪያው ዘለላ የእኔ እንደሚሆን ቃል ገባልኝ። በማግስቱ ቁርኣን ወደምማርበት ቂርአት ቤት ሄጄ "ቤታችን ዳስ ሊተከል ነው" ብዬ ለሁሉም አወራሁ። ዳስ ለሰርግና ለለቅሶም እንደሚተከል ማን ልብ አለ? በበነጋው ከሰዓት የሰፈሩ ሴቶች ተከናንበው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ግቢያችን ገቡ። የፊተኛዋ እናቴ አንገት ላይ ተጠምጥማ እያለቀሰች "ማን ነው? ማን ነው የሞተው?" አለቻት። እናቴም ማን እንደሆነ ባታውቅም ድንገት ደንግጣ አብራት አለቀሰች። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ በደንብ ተለቀሰ።

ያኔ አዳዳ ሳቢራ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። አዳዳ የአባት እህት ማለት ነው። በቤታችን አማርኛና ኦሮምኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አብረው ስለሚኖሩ፣ የትኛው የት እንደሚያልቅ የለየሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። አዳዳ አንድ ጊዜ ተድራ፣ ዓመት ሳይሞላት ፈታ ተመልሳ፣ ከበረንዳው ጫፍ ያለችውን ክፍል ይዛ ልብስ ትሰፋ ነበር። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ካልተሰማ ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም።

እሷና እናቴ በእኔ ግምት ደመኞች ነበሩ። ጠዋት በመጥረጊያ ይጀምራሉ፤ ቀትር ላይ በወጡ ጨው ይቀጥላሉ፤ ከሰዓት በልብስ ማስጫው ገመድ ይጣላሉ።

"ይቺ ሴት ከዚህ ቤት የምትወጣበትን ቀን አላህ ያሳየኝ!" ትላለች እናቴ።

"አሚን በይበት፣ እኔም አግዝሻለሁ!" ትላለች አዳዳ፣ መኪናዋን ሳታቆም።

እኔም በልቤ አሚን እል ነበር። ክፍሏ ለእኔ ትሆናለች ብዬ አስቤ ነበር።

አንድ ቀን አባቴና እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"ጀሚል ደህና ሰው ነው" ይላል አባቴ። "ባቲ ገበያ ላይ ከእሱ በላይ ግመል የሚሸጥ የለም። ሚስቱ ከሞተችበት ቆየ። ሽማግሌ ልላክ ወይ እያለ ነው።"

"ሳቢራን ጠይቀሃታል?"

"ምን ይጠየቃል? ለእሷ ብዬ እኮ ነው። ብቻ ዳሱ ይለቅና ይምጡ። የባቲን ሰው በፀሐይ አስቀምጬ 'ቤቴ ይሄ ነው' አልልም።"

"ዳሱ ካላለቀስ?"

"እስኪያልቅ ይጠብቃላ። አንድ ሳምንት የማይፈጅ ሥራ!"

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ባቲ የሚባል አገር ሰዎች ወይኔን ሊበሉ እየመጡ ነው። ሲመለሱም አዳዳን ግመል ሊያሳዩ ይወስዷታል። እኔን ለምን እንደማይወስዱኝ አልገባኝም፤ ለሁለት ቀን አኮረፍኩ፤ ማንም ልብ ያለኝ አልነበረም።

ብረቱን የሚተክለው ሙጂብ ነበር፤ መናኸሪያው አጠገብ የብየዳ ቤት ያለው፣ ረጅም፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው። ቱቦላሬ ብረቶቹን በባጃጅ ጭኖ መጣ። ብረቶቹ በግራና በቀኝ ወጥተው መንገዱን ሙሉ ስለያዙት ሙጂብ ከባጃጁ ፊት ፊት እየሮጠ ሰውን "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" ይል ነበር። ከኋላቸው አንድ የታገደ ሲኖትራክ ክላክሱን ሳያቋርጥ ተከትሏቸው እስከ በራችን ደረሰ።

"አካም ቡልተኒ፣ እትዬ መሪየም?" አለ ሙጂብ ላቡን እየጠረገ።

"አልሐምዱሊላህ። ቀጥ አድርገህ ትተክላለህ?" አለች እናቴ፤ ሰላምታ ላይ ጊዜ አታጠፋም።

"ቀጥ ካላለማ ምኑን ብረት ሆነ!"

ጉድጓዶቹን በዲጂኖ ቆፈረ። የእኛ ሰፈር አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ሙጂብ ከሥር ጠጠር አደረገ፣ ብረቱን አቆመ፣ ሲሚንቶውን ከአሸዋ ጋር አቡክቶ ሞላበት። ከዚያ ቱንቢውን ከኪሱ አወጣ። ቱንቢ በክር የታሰረች ሾጣጣ ብረት ነች፤ ስታንጠለጥላት ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ ቋሚው በእሷ ይለካል። እኔ ልያዝልህ ብለው አጭር ነሽ አለኝ።

"ሳቢራ!" ብሎ ወደ በረንዳው ተጣራ። "እስቲ ይቺን ክር ያዢልኝ።"

አዳዳ መርፌዋን ከከንፈሯ አውጥታ መጣች። ክሩን ከፍ አድርጋ ያዘች። ሙጂብ ብረቱን በጣቱ ነካ አድርጎ፣

"ሲሪ ዳ?" ይላታል፤ ልክ ነው ወይ ማለቱ ነው።

"ላኪ" ትለዋለች፤ አይደለም።

በትንሹ ይገፋዋል። "አሁንስ?"

"ላኪ።"

እኔ ከሥር ሆኜ አያለሁ። ብረቱ ቀጥ ብሏል። ቱንቢዋም ቆማለች። አዳዳ ግን ላኪ ትላለች፤ ሙጂብም ያምናታል። እንደዚህ እያሉ ቀትር አለፈ። ልብስ ስትሰፋ የክር ውፍረት የምታህል ስህተት የማታልፍ ሴት ቀጥ ያለ ብረት ማወቅ እንዴት እንዳቃታት ገረመኝ። ሙጂብማ ቱንቢዋን ትቶ የያዘቻትን ሰው ሲያይ ስለሚውል ሥራውን የማያውቅ ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። ለአባቴም ማታ ሲመጣ ነገርኩት። "ይሄ ሰውዬ ብረቱን አያይም" አልኩት። አባቴ ሳቀ። ልብ ብሎ ቢሰማኝ ኖሮ፣ አሁን ሳስበው፣ ብዙ ሲሚንቶ ይተርፍለት ነበር።

ሙጂብ ቋሚውን በእንጨት ደግፎ ለዐስር፣ ለከሰዓቱ ሰላት፣ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ስንነሳ ብረቱ ወደ ሽንት ቤቱ አጋድሎ ደርቋል።

"ይሄ ብረት ነው ወይስ እንቅልፍ የያዘው ዘበኛ?" ብላ እናቴ ግቢውን በአንድ እግሩ አቆመችው። "ባለሙያ ብለን ጠራን! ኧረ የአላህ ያለህ!"

ሙጂብ መጥቶ እያየ ራሱን አከከ። "ዋልካው ነው" አለ። "አብጦ ገፍቶት ነው።"

"በአንድ ሌሊት?" አለ አባቴ።

"ዋልካ አይታወቅም፣ አያ ሙሄ።"

ሲሚንቶውን በመዶሻ ሰብሮ ብረቱን ነቀለው። ጉድጓዱን የበለጠ አጠለቀው፣ የበለጠ ጠጠር አደረገበት፣ ድጋፉን ጨመረበት። አዳዳ ቱንቢ ያዘች። ሲሪ ዳ? ላኪ። በማግስቱ ብረቱ ወደ ጎረቤት አጋደለ። እንደገና ሠራው፤ ወደ ቤታችን አጋደለ፤ የመኝታ ቤቱን መስኮት የሚያዳምጥ ይመስል ነበር። አንዱን ሲያቃናው ሁለተኛው ያጋድላል፤ ሁለተኛውን ሲይዝ አንደኛው። ሰፈሩ በሙሉ አስተያየት ሰጪ ሆነ። ውሃ በዝቶበት ነው ያለ አለ፤ ውሃ አንሶት ነው ያለ አለ። አንድ ጎረቤታችን ብረቱ በተፈጥሮው ወልጋዳ ነው ብሎ ተከራከረ። የእናቴ ቁጣ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ሙጂብ ገና ከበሩ ብቅ ሲል፣

"መጣህ? ዛሬስ ወዴት እንዲያጋድል አስበሃል?" ትለዋለች።

ምስኪኑ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ግን አንድም ቀን አልቀረም። ተጨማሪ ዋጋም አልጠየቀም፤ ይሄኛውን ነገር እንኳ ማንም ልብ አላለውም።

ጀሚል ደግሞ ከባቲ ይደውላል። "ዳሱ አለቀ ወይ?" አባቴ ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ይሄድና "ትንሽ ይቀረዋል" ይላል። ግመል ነጋዴ ዳስ ሲጠብቅ ምን ያህል ግራ እንደሚጋባ አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ሰውዬው ሊያገባ ፈልጎ ስለ ሲሚንቶ ሲወራለት ከረመ።

ጂኒውን ያየሁት በዚህ መሃል ነው። ሙጂብ ዐስር ሊሰግድ ወጥቷል። አባቴ መንገድ ላይ ነው። እናቴ ጨው እንድገዛ ላከችኝ፤ ሱቅ ደርሼ የሚገዛው ጨው ይሁን በርበሬ ረስቼው ልጠይቃት ተመለስኩ። የቆርቆሮው በር ገርበብ ብሎ ነበር። በቀዳዳው ሳይ አንድ ነገር ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። የአዳዳን ቢጫ ሻርፕ እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። ድጋፉን እንጨት በእግሩ ወዲያ አደረገና ብረቱን አቅፎ እህ! እያለ ገፋው። ብረቱ በእርጥቡ ሲሚንቶ ውስጥ ጭብ እያለ ዘመመ። ከዚያ እንጨቱን ወደ ቦታው መለሰው።

አዳዳ ናት እንዳልል የስፌት መኪናዋ ከክፍሏ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል። ሰው ሁለት ቦታ አይሆንም። እናቴ ደግሞ ሁልጊዜ ከዐስር በኋላ ገመድ ላይ ልብስ እንዳንተው ታስጠነቅቀናለች፤ "ጂኒ ይለብሰዋል" ትል ነበር። ሻርፑ ጠዋት ታጥቦ ገመዱ ላይ ነበር። ከዚህ በላይ ማስረጃ ምን አለ? ቢስሚላሂ እያልኩ፣ ጨውም በርበሬም ሳልገዛ፣ ወደ ቂርአት ቤት በረርኩ።

ሼህ ዑመር ተማሪዎቹን አሰናብተው ጫማቸውን ሊያጠልቁ ነበር። ጭብጥ የምታክል ሽበታም ጺም ያላቸው፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ፣ ልጅን እንደ ትልቅ ሰው የሚሰሙ ሰው ናቸው።

"ሼሁ፣ ቤታችን ጂኒ አለ። ብረት ያጋድማል።"

"ብረት?"

"የወይኑን ዳስ። መጥተው ቁርኣን ይቅሩበት።"

ጺማቸውን ይዘው አሰቡ። "ነገ ከዐስር በኋላ እመጣለሁ" አሉኝ። እኔ ጂኒውን ሊያባርሩ መስሎኝ እጃቸውን ስሜ ሄድኩ። ለካ የሚመጡት የጀሚል ሰዎች ከባቲ ለአባቴ የሚያደርሱት መልእክት ስለላኩላቸው ነው። የጂኒውን ነገር ከበራቸው ሳይወጡ ረስተውታል።

በማግስቱ አባቴ መኪናውን አቁሞ ዋለ። "ዛሬ ይሄን ብረት በዓይኔ እጠብቀዋለሁ" ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሙጂብ ሲሚንቶውን ሞላና ድጋፍ አላመንኩም ብሎ ብረቱን ራሱ በሁለት እጁ አቅፎ ቆመ። አዳዳ ክፍሏ ውስጥ ትሰፋለች። ሼሁ አሰላሙ ዐለይኩም ብለው ገቡ። ወንበር ወጣላቸው፤ እናቴ ውሃ ልታመጣላቸው ገባች።

"ሙሄ" አሉ ሼሁ፣ "የባቲዎቹ መጠበቅ ሰልችቷቸዋል። ዳሱ አለቀም አላለቀም ሐሙስ እንመጣለን ብለዋል። ቃል ልስጣቸው?"

አባቴ የዘመመውን ሁለተኛ ቋሚ አየ። "ይምጡ እንግዲህ" አለ በረጅሙ ተንፍሶ። "ምን ይደረጋል፣ በፀሐይ ይቀመጣሉ።"

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ሙጂብ የያዘውን ብረት ጥብቅ አደረገው። እኔ ሼሁ የመጡበት ዋና ጉዳይ የተረሳ መሰለኝ።

"ሼሁ!" አልኩ እጃቸውን እየጎተትኩ። "ጂኒው የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነው። እዚች ጋ ይቅሩ።"

"የምን ጂኒ?" አለ አባቴ።

"ብረቱን የሚያጋድመው። ትናንት አይቼዋለሁ፤ የአዳዳን ቢጫ ሻርፕ ለብሶ ብረቱን ሲነቀንቀው።"

እናቴ ውሃውን ይዛ እየመጣች ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። አባቴ ቀስ ብሎ ወደ በረንዳው ዞረ። አዳዳ በሩ ላይ ቆማለች፤ ቢጫው ሻርፕ ትከሻዋ ላይ ነው።

"ሳቢራ?" አለ አባቴ።

አዳዳ መጀመሪያ ያየችው አባቴን አልነበረም። ሙጂብን ነው ያየችው። ሙጂብም እሷን። የእሱ ፊት ደም መስሎ ነበር። ከዚያ ቀና አለች።

"አዎ፣ አያ። እኔ ነኝ።"

"አይደለችም!" ብዬ ጮህኩ። "ወላሂ አባ አይደለችም! መኪናዋ ሲሠራ ሰምቻለሁ! ጂኒ ነው!"

"ኢክላስ! አፍሽን ዝጊ!" አለች እናቴ። እንደዚያን ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም። ውሃው ከትሪው ላይ ፈሰሰ።

አባቴ ከድንጋዩ ተነስቶ መልሶ ተቀመጠ። "ወር ሙሉ? ለምን?"

"ዳሱ እንዲያልቅ አልፈለግኩም።"

"ዳሱ ምን አደረገሽ?"

ሼህ ዑመር እጃቸውን አነሱ። "ቆይ ሙሄ። ሳቢራ፣ ያልፈለግሽው ዳሱን ነው ወይስ ከዳሱ ሥር የሚቀመጡትን?"

"የሚቀመጡትን፣ ሼሁ።" እጇ የሻርፑን ጫፍ እየጠቀለለ ነበር። "አያ ለእኔ አስቦ ነው፤ አውቃለሁ። ግን አንድ ጊዜ ሳልጠየቅ ተድሬ አይቼዋለሁ።"

"ፈት ሴት የራሷ ጉዳይ ባለቤት ራሷ ናት" አሉ ሼሁ ወደ አባቴ ዞረው። "ይሄን አንተም ታውቀዋለህ፤ ሳትጠይቃት ቃል ልሰጥልህ አልችልም።"

አባቴ የሚቆጣበት ሰው ፈለገ። ቅርቡ ሙጂብ ነበር።

"አንተስ? እያየህ ነው ዋልካ ዋልካ ስትለኝ የከረምከው?"

"አያ ሙሄ፣ ብረቱን ልልቀቀው?"

"እንዳትለቅ!"

ሙጂብ እንዳቀፈው ቀረ። ዝንብ ግንባሩ ላይ ስታርፍ በትንፋሹ ሊያባርራት ይሞክራል።

"ልጄ" አሉት ሼሁ፣ "አንተ ለምንድን ነው አንድ ዳስ ላይ ወር የከረምከው? እውነቱን።"

"ሼሁ፣ ዋልካው..."

"ዋልካውን ተወው።"

ሙጂብ ወደ ብረቱ እንጂ ወደ ማንም ሳያይ "ሳቢራን ብጠይቅ አያ ሙሄ ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁ" አለ።

"ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"አሁን ጠይቃቸው።"

"እንዲህ ሆኜ?"

"ምን ሆነህ?"

"ብረት ይዤ።"

"እጅህ ሥራ ላይ ነው" አሉ ሼሁ፤ "አፍህ ምን ሆነ?"

እናም ሙጂብ ብረት እንዳቀፈ፣ ዝንቧ ግንባሩ ላይ እንዳለች፣ አክስቴን ለጋብቻ ጠየቀ። ሲጨርስ "ሲሚንቶው ገና ስላልያዘ ነው እጅዎን ያልሳምኩት፤ አፉ በሉኝ" አለ።

አባቴ ለረጅም ጊዜ አየው። "ብረት ማቆም ያቃተው ሰው ቤት ሊያቆም ነው?"

"ብረቱስ ቆሞ ነበር፣ አያ" አለች አዳዳ ፈጥና። "እጁ አልሳተም። ያጋደምኩት እኔ ነኝ አልኩህ እኮ።"

"እና ይሄን ሰው ትፈልጊያለሽ?"

አዳዳ ሻርፑን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገችው። ሼሁ ሳቁ። አባቴ ጭንቅላቱን ይዞ "ያ አላህ!" አለ፤ ግን ድምፁ ውስጥ ቁጣው አልቆ ነበር። እናቴ ውሃ የፈሰሰበትን ትሪ ይዛ ተመልሳ ገባች፤ ከኩሽና እየደጋገመች አፍንጫዋን ስትናፈጥ ይሰማ ነበር። እኔ ስለ ጂኒው የሚጠይቀኝ ሰው በማጣቴ ልቤ ተሰብሮ ዘይቱኑ ዛፍ ላይ ወጣሁ።

ጀሚልን ያየሁት ዳሱ አልቆ የሙጂብና የአዳዳ ሰርግ ሲደረግ ነው። አንድ ዓይን ያለው፣ ከግመል ላይ የማይወርድ ሰው አድርጌ ነበር የምስለው። የመጣው አንድ ወፍራም፣ የዋህ ፊት ያለው፣ ለልጅ ሁሉ ከረሜላ የሚያድል ሰው ነው። ሙሽሮቹን መርቆ፣ ለአባቴ አንድ ወጠጤ ሰጥቶ፣ ከዳሱ ሥር ለብቻው ሲቀመጥ ቋሚውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ "በጣም ጠንካራ ነው" ብሎ አደነቀ። ሌላ ሚስት አገባ፤ ደህና ኖሯል።

ሙጂብና አዳዳ ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግረው ቤት ሠሩ። እኔ አድጌ ነርስ ሆንኩ፤ ደሴ ነው የምሠራው። የዳሱ ታሪክ በቤታችን በየዒዱ ይነሳል፤ ሁሉም ድርሻውን ያውቀዋል። እኔ ጂኒ ያየችው ሞኝ ልጅ ነኝ፤ አዳዳ ብረት ያጋደመችው ደፋር ሴት ናት፤ ሙጂብ ብረት አቅፎ ሚስት የጠየቀው ነው።

ባለፈው ዒድ ሁላችንም ከወይኑ ሥር ተቀምጠን ነበር። እናቴ ባሚያ ትቆርጣለች። አባቴ፣ አሁን መንዳት ያቆመው፣ እግሩን ዘርግቷል። ሙጂብ እንደ ልማዱ ጀመረ።

"ይቺ ሴት እኔን ለማግባት የፈጀችብኝ ሲሚንቶ ቤት ይሠራ ነበር!"

ሁሌም እዚህ ላይ አዳዳ ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ጦም ፈትታ ድክም ብሏት ነው መሰል፣

"ተው እንጂ ሙጂብ" አለችው። "ልጆቹ አድገዋል፤ አሁን እንኳ እውነቱን ተናገር። ያጋደምከው አንተ ነህ።"

"እኔ?"

"ሥራው እንዳያልቅ ብለህ። ገብቶኝ ነበር እኮ። ሼሁ ፊት ሥራ አበላሽ ብለው ስምህን እንዳያጠፉብህ ብዬ ነው እኔ ነኝ ያልኩት። አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ አላልከኝም!"

ሙጂብ እጁን ከአፉ አነሳ። "የራሴን ሥራ? በገዛ እጄ? ሳቢራ፣ ወላሂል አዚም አልነካሁትም! እኔ እኮ... አንቺ ነሽ ብዬ ነው የኖርኩት። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ድጋፉ ቦታው ተቀይሮ አገኘዋለሁ። ዋልካ እንጨት አያነሳም። ለእኔ ብላ ነው ብዬ ደስ እያለኝ ስሰብር ነበር የምውለው።"

"እኔ ብረቱን ነክቼው አላውቅም!"

ሁለቱም ተፋጠጡ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ትዳራቸው የቆመበት ነገር ከሥራቸው ተንሸራተተ። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ወደ እኔ ዞሩ።

"ኢክላስ" አለች አዳዳ፣ "አንቺ ምን ነበር ያየሽው?"

"የስፌት መኪናሽ ይሰማ ነበር ብያለሁ" አልኩ። "ያኔም ብያለሁ። ማንም አልሰማኝም።"

የዚያን ቀን ግቢው ውስጥ የነበረውን ሰው በሐሳቤ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አባቴ መንገድ ላይ። ሙጂብ መስጊድ። አዳዳ ክፍሏ። እኔን ደግሞ ለጨው የላከችኝ...

ሁላችንም ወደ እናቴ አየን። እናቴ ባሚያውን መቁረጥ አላቆመችም።

"ልጅቷ ጂኒ ነው ብላችሁ አልነበር?" አለች። "ለምን አታምኗትም?"

"መሪየም!" አለ አባቴ።

"ፀሐይ ነበር! ገመዱ ላይ ያገኘሁትን ተከናነብኩ።" ቢላዋን አስቀመጠች። "እሱ ዳሱ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ አለኝ። እኔ ሽማግሌ ልመልስ አልችል፣ ባሌን ልቃወም አልችል። ብረት መግፋት እችላለሁ።"

አዳዳ ወደ እናቴ ዞረች። "አንቺ? በየቀኑ 'ከዚህ ቤት ያውጣት' እያልሽ ዱዓ ስታደርጊብኝ የነበርሽው አንቺ?"

"ከዚህ ቤት አልኩ እንጂ ከከሚሴ አልኩ?" እናቴ ተቆጣች። "ባቲ ሄደሽልኝ ደግሞ፣ ጠዋት ተነስቼ ከማን ጋር ልጣላ? ከዚህ ጋር?" ብላ አባቴን በአገጯ አሳየች። "እሱ እንደሆነ በሬዲዮው ነው የሚመልስልኝ።"

አዳዳ ተነሳች። እቅፍ ታደርጋታለች ብዬ ነበር። እሷ ግን በርጩማዋን ጎትታ እናቴ አጠገብ አስቀመጠችና ተቀመጠች፤ ከሰፌዱ ባሚያ አፍሳ ቢላ አነሳች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ስለነበር አይታ የምትቆርጥ አልመሰለኝም።

"አወፈርሽው" አለች እናቴ።

"የአንቺ ነው የቀጠነው" አለች አዳዳ።

አባቴ እግሩን ሰብስቦ ቀና ብሎ ተቀመጠ። የኖረበትን ግቢ ገና ዛሬ እንደገባበት ሰው ዙሪያውን አየ፤ አዳዳን፣ ሙጂብን፣ መጨረሻ ላይ እናቴን።

"መሪየም" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ የማላውቀው ሌላ ነገር አለ?"

እናቴ ባሚያዋን ይዛ አሰበች። ከሚገባው በላይ ነው ያሰበችው።

"ዛሬ ዒድ ነው ሙሄ" አለችው። "ሌላ ቀን ጠይቀኝ።"